ሁለት ባላ የተከለው ሚኒስትር

ጋዜጠኝነት ስንማር ቶሎ ከለመድናቸው ነገሮች አንዱ፣ ሚኒስትሮች ሊሰበሰቡ ሁለት ሦስት ቀን ሲቀራቸው የሚወጣውን መግለጫ ማንበብ ነበር። «መንግሥታችን በመርሁ እንደጸና ነው»፤ «ለሰላማዊ መፍትሔ በሩ ክፍት ነው»፤ «ከወዳጆቻችን ጋር ተመካክረን እንሠራለን»። እነዚህን ሦስት ዓረፍተ ነገሮች በየትኛውም አገር፣ በየትኛውም ዘመን፣ በየትኛውም ጉዳይ ላይ ታገኟቸዋላችሁ። የሠርግ ጥሪ ካርድ በሏቸው። ያምራሉ፤ ወርቃማ ጽሑፍም አላቸው፤ ጥሎሹ ስንት እንደሆነና ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ ግን አይነግሯችሁም።

ነገሩ ያነሳሳን የሻይ ቤት ክርክር ነው። ስለ ጣሊያን ወረራ ስናወራ ከመሀላችን አንዱ እንደ ልማዳችን «ያኔ ዓለም ከዳን» አለ። ሌላዋ ደግሞ «ማን ነው ዓለም? በስንት ቀን፣ በየትኛው ክፍል፣ በየትኛው ወረቀት ነው የከዳን?» ብላ ጠየቀች። ዝም አልን። ሁላችንም ትምህርት ቤት የተማርናት አንዲት መስመር አለች፤ «እንግሊዝና ፈረንሳይ ኢትዮጵያን ለመከፋፈል የሆር-ላቫልን ስምምነት አደረጉ» የምትለዋ። ለፈተና ሸምድደናታል፤ ከፈተናው በኋላ ረስተናታል። ዛሬ ወደዚያች መስመር እንመለስ። የብሪታንያ መንግሥት ወደዚያ ስብሰባ ሲሄድ ምን አቋም ይዞ ነበር? በአደባባይ ምን አለ? በቦርሳው ውስጥስ ምን ነበር?

(ዓ.ም. ካላልን በቀር የምንጠቅሰው ዘመን እንደ ፈረንጆቹ ነው።)

ኅዳር 26፣ ሁለት ጊዜ

ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. ኦጋዴን ውስጥ ወልወል በተባለው የውኃ ጉድጓድ አጠገብ ተኩስ ተከፈተ። ከኢትዮጵያ በኩል ከመቶ በላይ ሰው ሞተ። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ የእንግሊዝና የኢትዮጵያ የድንበር ኮሚሽን እዚያ ደርሶ የጣሊያን ወታደሮች ጉድጓዶቹን ይዘው አግኝቷቸው ነበር። የእንግሊዙ ቡድን መሪ ኮሎኔል ክሊፎርድ ነገሩ ወደ ዓለም አቀፍ ግጭት እንዳያድግ በሚል ኮሚሽኑን ይዞ ወደ አዶ አፈገፈገ። አጃቢ የነበሩት ኢትዮጵያውያን ወታደሮች ግን ከጣሊያኖቹ ፊት ለፊት ቀሩ። የሚቀጥለውን ዓመት ሁሉ አሳጥረን እንጻፍ ብንል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አናገኝም፤ እንግሊዝ አየች፣ አዘነች፣ ትንሽ ፈቀቅ አለች።

ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ በእኛ አቆጣጠር ልክ በዓመቱ፣ የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጦሩን ለመምራት ወደዚያ ከሄዱ ገና ብዙ ቀን አልሆናቸውም። ቀኑ ዓርብ ነበር። በማግስቱ ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 7 ቀን 1935፣ የብሪታንያው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሰር ሳሙኤል ሆር ፓሪስ ገብቶ ከፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትርና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ፒየር ላቫል ጋር ተቀመጠ። የደሴ ጭስ ሳይበተን ማለት ነው።

የድሮ ሒሳብ

የብሪታንያን አቋም ለመረዳት ወደ ኋላ መሄድ ግድ ነው። ለንደን ኢትዮጵያን የምታየው በዋነኝነት በአንድ መስኮት ነበር፤ በዓባይ። በ1902 ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር በተፈረመው ውል ኢትዮጵያ ያለ ብሪታንያ ስምምነት በጥቁር ዓባይ፣ በጣና ሐይቅና በሶባት ላይ ውኃውን የሚያግድ ሥራ እንዳትሠራ ተጻፈ። በ1906 ብሪታንያ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ለንደን ላይ ተቀምጠው በአንድ በኩል የኢትዮጵያን አንድነት እናከብራለን አሉ፤ በሌላ በኩል የዓባይን ተፋሰስ ለብሪታንያ፣ የባቡሩን መስመር ለፈረንሳይ፣ ኤርትራንና ሶማሊያን የሚያገናኘውን መሬት ለጣሊያን እንደ «ጥቅም» መደቡ። ባለቤቱን አላማከሩም፤ የተነገራቸው ካለቀ በኋላ ነው።

በ1923 ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል ለመሆን ስትጠይቅም ብሪታንያ የባሪያ ንግድን ጉዳይ እያነሳች አቅማምታ ነበር። በ1925 መጨረሻ ደግሞ ለንደንና ሮም ደብዳቤ ተለዋወጡ፤ ጣሊያን በጣና ግድብ ጉዳይ ብሪታንያን ልትደግፍ፣ ብሪታንያም ከኤርትራ ወደ ሶማሊያ በሚዘረጋው የባቡር መስመር ጣሊያንን ልትደግፍ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ዝም አላሉም። በ1926 ጉዳዩን ለመንግሥታት ማኅበር አቀረቡ፤ ሁለቱም መንግሥታት «ኢትዮጵያን ለማስገደድ አላሰብንም» ብለው አፈገፈጉ። ይህችን ድል ያዙልን። አንዲት ትንሽ አገር ምስጢራዊ ውልን አደባባይ በማውጣት ብቻ ማክሸፍ እንደምትችል ያሳየች ናት። ኋላ ላይ የምናየው ነገርም በአንድ በኩል የእርሷ ተከታይ ነው።

ስትሬዛ፦ አጀንዳ ያልሆነው ጉዳይ

ከወልወል አንድ ወር በኋላ፣ በጥር 1935፣ ላቫል ሮም ሄዶ ከሙሶሊኒ ጋር ተዋዋለ። ፈረንሳይ ከጂቡቲ ባቡርና ከመሳሰለው በቀር በኢትዮጵያ የኢኮኖሚ ጉዳይ አትገባም ተባለ። ሙሶሊኒ ይህን «እጅህን ፈታ አድርግ» ብሎ ተረጎመው። ላቫል እንደዚያ አላልኩም እያለ እስከ መጨረሻው ተከራከረ።

በሚያዝያ ደግሞ ትልቁ ስብሰባ መጣ። ከሚያዝያ 11 እስከ 14 ቀን 1935 የብሪታንያ፣ የፈረንሳይና የጣሊያን መሪዎችና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች ሰሜን ጣሊያን ውስጥ ስትሬዛ ላይ ተሰበሰቡ። ሒትለር የውትድርና ግዴታን ካወጀ ገና አንድ ወሩ ነው፤ አጀንዳው ጀርመን ነች። የጣሊያን ወታደርና መሣሪያ ግን ከየካቲት ጀምሮ በስዊዝ ቦይ በኩል ወደ ምሥራቅ አፍሪካ እየጎረፈ ነበር። ቦዩን የምትጠብቀው ብሪታንያ አልፎ የሚሄደውን እያንዳንዱን መርከብ ታያለች።

ታዲያ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራምሲ ማክዶናልድና ያኔ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበረው ጆን ሳይመን ስለ ኢትዮጵያ ምን አሉ? በዋናው ጠረጴዛ ላይ፣ ምንም። የበታች ባለሙያዎች ለብቻቸው ገለል ብለው ተነጋገሩ እንጂ ሚኒስትሮቹ አላነሱትም። በመጨረሻው መግለጫ ላይ ሦስቱ መንግሥታት ሰላምን የሚያደፈርስ የውል ማፍረስን እንደሚቃወሙ ሲጽፉ፣ ሰላሙ «የአውሮፓ ሰላም» ተባለ። ቃሏ እንድትገባ የፈለገው ሙሶሊኒ እንደሆነ ይነገራል፤ እንግሊዞቹም አልተቃወሙም። የአውሮፓ ሰላም ከተባለ የአፍሪካው የት ገባ?

እዚህ ላይ ስለ ዲፕሎማሲ አንድ ነገር ተማርን። ዝምታም አቋም ነው። እንዲያውም ከንግግር ይልቅ ለመተርጎም ይቀላል፤ እያንዳንዱ የሚፈልገውን ይሰማበታል። ሙሶሊኒ የሰማው «እሺ» የሚለውን ነበር።

ከጣና ሌላ ምን አለን?

በሰኔ 1935 ብሪታንያ ውስጥ ሹም ሽር ሆነ። ስታንሊ ባልድዊን ጠቅላይ ሚኒስትር፣ ሳሙኤል ሆር የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር፣ ወጣቱ አንቶኒ ኢደን ደግሞ የመንግሥታት ማኅበር ጉዳዮች ሚኒስትር ሆኑ። በዚያው ወር በሰር ጆን ማፊ የሚመራ የባለሥልጣናት ኮሚቴ አንድ ሪፖርት አቀረበ። የተሰጠው ጥያቄ ግልጽ ነበር፤ ጣሊያን ኢትዮጵያን ብትይዝ የብሪታንያ ጥቅም ምን ይሆናል? መልሱም ግልጽ ነበር፤ ከጣና ሐይቅ፣ ከዓባይ ውኃና የብሪታንያ ግዛት ጎሳዎች ድንበር ተሻግረው ከሚያሰማሩበት የግጦሽ መብት በቀር በኢትዮጵያ ውስጥ ብሪታንያን ጣሊያንን እንድትቋቋም የሚያስገድድ ዋና ጥቅም የለም።

ሪፖርቱ ምስጢር ነበር፤ ግን ሮም እጅ ገባ። ጣሊያኖች በየካቲት 1936 በጋዜጣ አወጡት። ለእኛ የሚገርመን ቀኑ ነው። ሙሶሊኒ እንግሊዞች በአደባባይ የሚሉትን ሲሰማ ለራሳቸው የጻፉትንም ቀደም ብሎ ማንበብ ከቻለ፣ ማንን ይፈራል? በፖከር ጨዋታ የተቃራኒህን ካርድ ከጀርባ እንደማየት ነው።

በሰኔ መጨረሻ ኢደን ሮም ሄደ። ይዞት የሄደው ሐሳብ ይህ ነበር፤ ብሪታንያ ከራሷ ሶማሌላንድ የዘይላን ወደብና መተላለፊያ መሬት ለኢትዮጵያ ትሰጣለች፤ ኢትዮጵያ በምላሹ ከኦጋዴን ለጣሊያን ትለቃለች። ሙሶሊኒ ሐሳቡን አጣጣለው። እርሱ የሚፈልገው በረሃ አልነበረም።

በሐምሌ ደግሞ ብሪታንያ ለሁለቱም አገሮች የጦር መሣሪያ ሽያጭ ፈቃድ አቆመች። «ገለልተኛ» እርምጃ ነው ተባለ። ጣሊያን መሣሪያውን ራሷ ትሠራለች፤ ኢትዮጵያ ትገዛለች። ሚዛን እኩል ሲያዝ አንዱ ሰው ባዶ እጁን ከሆነ፣ እኩልነቱ ለማን እንደሆነ እናንተው ፍረዱ።

የአደባባዩና የጓዳው

አባቶቻችን «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይላሉ። ሆር አማርኛ አያውቅም እንጂ ፖሊሲው ይኸው ነበር። አንደኛው ባላ የመንግሥታት ማኅበር ነው፤ ሁለተኛው ከጣሊያን ጋር መደራደር ነው።

ለምን ሁለት አስፈለገው? ከአንድ በኩል ሕዝቡ አለ። በሰኔ 1935 መጨረሻ «የሰላም ድምፅ» የተባለው የሕዝብ መጠይቅ ውጤት ሲነገር ከ11 ሚሊዮን በላይ እንግሊዛውያን መልስ ሰጥተው ነበር። አንዱ አገር ሌላውን ቢወር በኢኮኖሚ ማዕቀብ ይቆም ወይ ለሚለው ከ10 ሚሊዮን በላይ «አዎን» አሉ። አስፈላጊ ከሆነ በጦር ኃይልስ? ለሚለው ከስድስት ሚሊዮን ተኩል በላይ ሰው «አዎን» አለ፤ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ደግሞ «የለም»። ምርጫ እየቀረበ ነበር፤ ይህን ቁጥር አይቶ የማይደነግጥ ፖለቲከኛ የለም።

ከሌላ በኩል ጄኔራሎቹና አድሚራሎቹ አሉ። የሙሶሊኒ «የእብድ ውሻ ሥራ» ያስፈራቸው ነበር፤ ተስፋ ቆርጦ የሜዲትራኒያንን መርከቦቻችንን ቢመታስ? ጦርነቱን እናሸንፋለን፤ ግን መርከብ ብንከስርበት ነገ ጃፓንን በሩቅ ምሥራቅ፣ ጀርመንን በአውሮፓ በምን እንመክታለን? የአየር መከላከያ ጥይት እጥረት ነበረባቸው፤ ፈረንሳይም ወደቦቿን ለማዋስ እያመነታች ነበር። ፍርሃቱ የፈጠራ አልነበረም። እዚህ ላይ ፍትሐዊ እንሁን፤ ሆርና ጓደኞቹ ሰነፎች ወይም ጨካኞች ስለሆኑ ብቻ አይደለም። ሦስት ጠላት በአንድ ጊዜ የሚታየው ሰው አንዱን በሌላ ሰው ንብረት ለማባበል ይፈተናል። የሌላው ሰው ንብረት እኛ ነበርን።

መስከረም 11 ቀን 1935፣ በእኛ የዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ሆር ጄኔቫ ላይ ተነሥቶ የዘመኑን ትልቁን ንግግር አደረገ። ብሪታንያ ከማኅበሩ ጋር ቆማ ያለ ምክንያት የሚደረግን ወረራ ሁሉ በኅብረት በጽናት ትቋቋማለች አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። የኢትዮጵያን ልዑካን የሚመሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ያኔ ጄኔቫ ነበሩ፤ በአዲስ ዓመት ዋዜማ ይህን የሰማ ኢትዮጵያዊ ምን ተስፋ እንዳደረገ መገመት አያዳግትም። የብሪታንያ የጦር መርከቦችም ወደ ጅብራልታር ተንቀሳቀሱ።

ችግሩ፣ በዚያው ሰሞን፣ እዚያው ጄኔቫ፣ ሆርና ላቫል በጓዳ ተገናኝተው ነበር። የጦር እርምጃ እንዳይኖር፣ የስዊዝ ቦይ እንዳይዘጋ፣ ሙሶሊኒን ወደ ጦርነት የሚገፋ ነገር እንዳይደረግ ተግባቡ። ንግግሩ ማስፈራሪያ ነበር፤ ጠመንጃው ጥይት እንደሌለው ግን ሁለቱ ተስማምተዋል።

አህያ ተከለከለ፣ ነዳጅ ግን…

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር መረብን ተሻገረ። ማኅበሩ በቀናት ውስጥ ጣሊያንን ውል አፍራሽ አለ፤ ከ54ቱ አገሮች 50ው ተስማሙ። ኅዳር 14 ቀን 1935 በብሪታንያ ምርጫ የባልድዊን መንግሥት «ከመንግሥታት ማኅበር ጋር ነን» ብሎ በሰፊ ድምፅ አሸነፈ። ከአራት ቀን በኋላ ማዕቀቡ ሥራ ላይ ዋለ።

የማዕቀቡን ዝርዝር ስናነብ አንዳችን ሳቅ አመለጣት። ወደ ጣሊያን እንዳይላኩ ከተከለከሉት መካከል ጎማና ቆርቆሮ አሉ፤ ፈረስ፣ በቅሎ፣ አህያና ግመልም አሉ። ነዳጅ የለም። የድንጋይ ከሰልና ብረትም የሉም። የሙሶሊኒ ጦር ግን የሚንቀሳቀሰው በካሚዮን፣ በታንክና በአውሮፕላን ነው። አህያዋ ላይ ጨክነው ቤንዚኑን ማሩት።

ምክንያት አላጡም። አሜሪካ የማኅበሩ አባል አይደለችም፤ እኛ ብንከለክል እርሷ ትሸጣለች አሉ። የነዳጁ ጉዳይ በኅዳር መጨረሻ ሊታይ ሲል በላቫል ጥያቄ ወደ ታኅሣሥ 12 ተገፋ። ከዓመታት በኋላ፣ በ1938፣ ሙሶሊኒ ሙኒክ ላይ ለሒትለር እንደነገረው፣ ያኔ ነዳጅ ቢከለከል ኖሮ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከኢትዮጵያ ለመውጣት ይገደድ ነበር። ይህን የጻፈው አስተርጓሚው ጳውል ሽሚት ነው። ሙሶሊኒ ጉረኛ ቢሆንም፣ ጉረኛ ሰው ድክመቱን ሲናገር ጆሮ መስጠት ይገባል።

ታኅሣሥ 2 የብሪታንያ ካቢኔ ተሰበሰበ። ውሳኔውን እንዳለ እንንገራችሁ፤ የነዳጅ ማዕቀብን በመርህ ደረጃ እንደግፋለን፤ ቀን ግን አንቆርጥም፤ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ የሰላሙን ንግግር ይግፋበት። ሁለቱም ባላዎች ቆመው ነበር ማለት ነው። ሆር ደክሞታል፤ ታሟል፤ ራሱን እየሳተ ይወድቅ ነበር። በበረዶ ላይ ለመንሸራተት ወደ ስዊዘርላንድ ሊሄድ ትኬት ቆርጧል። ፓሪስ መንገዱ ላይ ነች። የአገራችን ዕጣ በአንድ የታመመ ሰው የዕረፍት ጉዞ መሀል እንደ መሸጋገሪያ ጣቢያ ገባ።

መቂን ስናልፍ

ሆርና ላቫል ቅዳሜና እሑድ ተቀመጡ። ከሆር ጎን የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ቋሚ ዋና ጸሐፊ ሮበርት ቫንሲታርት አለ፤ ለእርሱ ትልቁ ጠላት ጀርመን ነች፤ ጣሊያንን ማጣት አይፈልግም። እሑድ ማታ ተስማሙ። ስምምነቱ ይህን ይመስል ነበር።

ከትግራይ ምሥራቁ ለጣሊያን፤ መስመሩ በአክሱምና በአድዋ መካከል ያልፋል፤ አክሱም ለእኛ፣ አድዋ ለእነርሱ። ይህን ሲጽፉ የአድዋን ስም ትርጉም ያውቁ ነበር? ላቫል ሳያውቅ አይቀርም፤ ሙሶሊኒ ግን በደንብ ያውቃል። ከደናክል የተወሰነ፣ ከኦጋዴን ሰፊው ክፍል ለጣሊያን። በጠቅላላው 60 ሺህ ስኩየር ማይል ገደማ ይሆናል።

ይህ በቀጥታ የሚሰጠው ነው። ከዚህ ሌላ በስም ብቻ የኢትዮጵያ ሆኖ የሚቀር፣ ጣሊያን በብቸኝነት የምትጠቀምበትና የምታሰፍርበት «የኢኮኖሚ ክልል» ተሠራ። ይህ ወደ 160 ሺህ ስኩየር ማይል ነው። ሰሜናዊ ወሰኑ 8ኛው የኬክሮስ መስመር፣ ምዕራባዊ ወሰኑ 35ኛው የኬንትሮስ መስመር፣ ደቡቡ ኬንያ። ካርታ አውጥተን ጣታችንን አስኬድን። 8ኛው መስመር መቂን አልፋችሁ ባቱ (ዝዋይ) ሳትገቡ መንገዱን ያቋርጣል። ጅማ፣ ከፋ፣ ሲዳማ፣ ጋሞ፣ ባሌ፣ ቦረና፣ ሁሉም ከመስመሩ ወዲያ ነው። ሁለት ሰዎች ፓሪስ ውስጥ በሁለት ቀን።

ኢትዮጵያስ ምን ታገኛለች? አሰብን፣ ወደ አሰብ ከሚወስድ ጠባብ መተላለፊያ ጋር፤ ወደ 3 ሺህ ስኩየር ማይል። በዚያ ላይ ባቡር መዘርጋት ትችላለች ወይ የሚለው ጥያቄ ሲነሳ፣ የጂቡቲ ባቡር ባለቤት ፈረንሳይ ስለሆነች መልሱ የሚያስደስት አልነበረም። የለንደኑ «ታይምስ» ጋዜጣ በታኅሣሥ 16 ርእሰ አንቀጹ «የግመሎች መተላለፊያ» ብሎ የተሳለቀው ለዚህ ነው።

ወሬው ሲወጣ

ሆር ሰኞ ዕለት ወደ በረዶው ሄደ። በዚያው ቀን ግን የፓሪስ ጋዜጦች ስምምነቱን ይዘው ወጡ። «ሌቭር» ላይ የጻፈችው ዠንቪየቭ ታቡዊ ነበረች፤ «ኤኮ ደ ፓሪ» ላይ ደግሞ «ፐርቲናክስ» በሚል የብዕር ስም የሚታወቀው አንድሬ ዤሮ። ሴት ጋዜጠኛ በፈረንሳይ ድምፅ መስጠት እንኳ በማትችልበት ዘመን የሁለት መንግሥታትን ምስጢር አደባባይ አወጣች። ዲፕሎማ ይዘን ከተመረቅን ወዲህ ስለ ሙያችን ብዙ ጊዜ ቅሬታ ይሰማናል፤ ያን ቀን ስናነብ ግን ትንሽ ኮራን።

የብሪታንያ ካቢኔ በመጀመሪያ ስምምነቱን ተቀብሎ ነበር። አዲስ አበባ ላለው መልእክተኛው ለሲድኒ ባርተንም ንጉሠ ነገሥቱ ሐሳቡን በበጎ ዓይን እንዲያዩት እንዲያግባባ ትእዛዝ ሄደ። ከዚያ ግን የሕዝቡ ቁጣ መጣ። ከአንድ ወር በፊት «ከማኅበሩ ጋር ነን» ብላችሁ መረጥናችሁ፤ አሁን ወራሪውን ትሸልማላችሁ? ለምክር ቤት አባላት ደብዳቤ ዘነበ። በካቢኔው ውስጥ የነበረው ዳፍ ኩፐር እንዲህ ያለ የሕዝብ ማዕበል አይቼ አላውቅም ብሎ ኋላ ላይ ጽፏል። ባልድዊን ምክር ቤት ቀርቦ አፌ ገና አልተፈታም የሚል ዓይነት መልስ ሰጠ፤ የካርቱን ሠሪዎች መጫወቻ ሆነ። ሆር ስዊዘርላንድ ውስጥ በረዶው ላይ ወድቆ አፍንጫውን ሰበረ። አፍንጫው በፋሻ ተጠቅልሎ ተመለሰና ታኅሣሥ 18 ከሥልጣኑ ለቀቀ። በምትኩ ኢደን ተሾመ።

በእኛ በኩል ንጉሠ ነገሥቱ ሐሳቡን አልተቀበሉትም። ለወራሪ ሽልማት መስጠት ነው፤ የመንግሥታት ማኅበርንም መካድ ነው አሉ። አንዳንድ ሰው «ምናለ ቢቀበሉት፣ ቢያንስ ግማሹ አገር ይተርፍ ነበር» ይላል። እኛም መጀመሪያ ይህን ጥያቄ ለራሳችን አቅርበነዋል። ግን ሁለት ነገር አትርሱ። ሙሶሊኒም እሺ አላለም ነበር፤ ጊዜ እየገዛ ነበር። ደግሞም ዛሬ ግማሹን የሰጠ ነገ ሌላውን ግማሽ በምን ቃል ይከለክላል? «የኢኮኖሚ ክልል» ተብሎ የተሰጠ መሬት ተመልሶ አያውቅም።

ሰውየው ሄደ፣ ፖሊሲው ቀረ

እዚህ ላይ ታሪኩ ቢያልቅ ደስ ባለን። ጋዜጠኛዋ ጻፈች፣ ሕዝቡ ጮኸ፣ ሚኒስትሩ ወደቀ። ግን ቀጥሎ ምን ሆነ?

ኢደን መጣ፤ ነዳጁ ግን አልተከለከለም። ጉዳዩ ለባለሙያ ኮሚቴ ተመራ፤ ኮሚቴው እስከ የካቲት 1936 አጠና። በዚህ ጊዜ ውስጥ፣ ከታኅሣሥ መጨረሻ ጀምሮ፣ የጣሊያን አውሮፕላኖች በወታደሩና በገበሬው ላይ የሰናፍጭ ጋዝ ያዘንቡ ነበር። መጋቢት 7 ሒትለር ራይንላንድን ያዘ፤ ከዚያ በኋላ ለንደንም ፓሪስም ስለ ኢትዮጵያ የሚያስቡበት ልብ አልነበራቸውም። ማይጨው መጣ። ግንቦት 5 ቀን 1936 ባዶሊዮ አዲስ አበባ ገባ። በሰኔ ሆር ወደ ካቢኔ ተመለሰ፤ የባሕር ኃይል ሚኒስትር ሆኖ። በሐምሌ ማዕቀቡ ተነሣ። በ1938 ብሪታንያ ጣሊያን ኢትዮጵያን መያዟን በይፋ አወቀች። ላቫል ከዓለም ጦርነቱ በኋላ በ1945 በአገር ክሕደት ተፈርዶበት በጥይት ተገደለ፤ የተፈረደበት ግን ፈረንሳይን በመክዳት ነው።

ስለዚህ የሻይ ቤቱን ጥያቄ እንዲህ እንመልሳለን። «ዓለም» አልከዳንም። ከ10 ሚሊዮን በላይ እንግሊዛውያን በወረቀት ላይ ከእኛ ጋር ነበሩ። ሲልቪያ ፓንክኸርስት በግንቦት 1936 ስለ ኢትዮጵያ ጋዜጣ ጀምራ ለዓመታት አላቋረጠችም፤ መቃብሯ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ነው። የከዱን ሰዎች ስም፣ ቀንና ወረቀት አላቸው። የሕዝቡ ቁጣም እውነተኛ ነበር፤ ያነጣጠረው ግን በሰውየው ላይ እንጂ በሥራው ላይ አልነበረም። ሆርን ለማስወጣት ዐሥር ቀን በቃ፤ ነዳጁን ለመዝጋት ግን የጠየቀ ሰው እንጂ የጸና ሰው አልተገኘም። ቁጣ ሚኒስትር ይቀይራል፤ ፖሊሲ ለመቀየር ግን ከቁጣው በኋላም ተቀምጦ ዝርዝሩን የሚያነብ ሰው ያስፈልጋል።

ከዚህ በኋላ ከስብሰባ በፊት የሚወጣ መግለጫ ስናነብ ሦስት ነገር ለመጠየቅ ተስማምተናል። ስለ እርሱ የሚወራለት ሰው ክፍሉ ውስጥ አለ ወይ? የማይነሳው ጉዳይ የቱ ነው? ዝርዝሩ ውስጥ አህያው ገብቶ ነዳጁ ቀርቶ ይሆን?

ባለፈው ወደ ሐዋሳ ስንወርድ መቂን እንዳለፍን አንዳችን ከሚኒባሱ መስኮት ወደ ውጭ አየች። የቲማቲም እርሻ፣ የአህያ ጋሪ፣ በርቀት ሐይቁ። ሹፌሩ ሙዚቃውን ከፍ አድርጎ ነበር። «እዚህ ጋ ነው» አለች። ሁላችንም ዞር ብለን አየን። ምንም መስመር የለም።